እባካችሁ፣ ተራኪው ዝም ይበል!

«ፊልሙ መልካም ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ፊልም ግን አይደለም።»

«ሃኒላንድ» የተባለው የመቄዶንያ ዘጋቢ ፊልም በተነሣ ቁጥር ይህን ፍርድ የሚሰነዝሩ ወገኖች አሉ። ነገሩን የሚናገረው የሲኒማ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ብዕር ማንሣት ባላስፈለገ ነበር። የሚናገሩት ግን ካሜራ የሚሸከሙ፣ የፊልም ጽሑፍ የሚያዘጋጁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ፊልም የሚሠሩና የሚያሠሩ ሰዎች ናቸው። ክሳቸው ሲዘረዘር እንዲህ ነው፦ ፊልሙ አኀዝ የለውም፤ ምሁር ቀርቦ አያብራራበትም፤ ተራኪ የለውም፤ መልእክቱን ቁርጥ አድርጎ አይነግረንም፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የአንዲት ድኻ ሴት ኑሮ በሚያምር ብርሃን አስጊጦ ያቀርባል። «ታዲያ ያ ሁሉ ሽልማት ለምኑ ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው መልስ ይገባዋል። የሚመለከተው አንዲት የመቄዶንያ ሴትን ብቻ አይደለምና። እኛስ ስለ ደናችን፣ ስለ ሐይቃችንና ስለ አፈራችን ምን ዓይነት ፊልም እየሠራን ነው? ተመልካቹስ ፊልማችን በጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ ለምን ጣቢያ ይቀይርብናል? እኔ የምለው ይህን ነው፤ የአካባቢ ዘጋቢ ፊልም ከሁሉ አስቀድሞ ፊልም መሆን አለበት። ጉዳዩ እውነት ስለ ሆነ፣ ዓላማውም የተቀደሰ ስለ ሆነ ብቻ ፊልሙ ጥሩ አይባልም። «ሃኒላንድ» ለሽልማት የበቃውም፣ ተመልካቹን ከወንበሩ ሳያስነሣ የሚያስቀረውም፣ ከሳሾቹ «ጎደለው» በሚሉት ነገር ነው።

ፊልሙ ምን ይላል?

ላላዩት አንባቢዎች ታሪኩን ባጭሩ ላውሳ። «ሃኒላንድ»፣ በእኛ ቋንቋ «የማር ምድር» እንበለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ የቀረበ ፊልም ነው። ዳይሬክተሮቹ ታማራ ኮቴቭስካና ሉቦሚር ስቴፋኖቭ ይባላሉ። ባለታሪኳ ሐቲጄ ሙራቶቫ ናት፤ ስሟ በእኛ አጠራር ከድጃ መሆኑ ነው። ዕድሜዋ ሃምሳን የተሻገረ፣ ባል ያላገባች፣ ቱርክኛ ተናጋሪ የገጠር ሴት ናት። ሌላው ሰው ሁሉ ጥሎ በሄደበት ቤኪርሊያ በተባለ የሰሜን መቄዶንያ መንደር፣ ከአልጋ የማይነሡና ዓይናቸው የደከመ እናቷን እያስታመመች ትኖራለች። መብራት የለም፤ የቧንቧ ውሃ የለም። ሌሊት በቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃን የእሳትና የመብራት ዘይት ብርሃን ነው።

ሐቲጄ የምትተዳደረው በንብ ነው። ፊልሙ ሲጀምር በገደል አፋፍ ላይ በቀጭን መተላለፊያ ትሄድና ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈንቀል ታደርጋለች። ከድንጋዩ ኋላ የማር እንጀራው ተደርድሮ ይታያል። ጓንት የላትም፤ ንቦቹን በባዶ እጇ ትነካቸዋለች፤ ታንጎራጉርላቸዋለች። ማር ስትቆርጥ ሕጓ አንድ ነው፦ «ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእናንተ።» የቆረጠችውን ማር ዋና ከተማው ስኮፕዬ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች፤ ዋጋ ትከራከራለች፤ በትርፏም ለፀጉሯ ማቅለሚያ ትገዛለች።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ቤተሰብ በመኪና የሚጎተት ቤቱን፣ ሰባት ልጆቹንና የከብት መንጋውን ይዞ ከጎኗ ይሰፍራል። ሐቲጄ ደስ ይላታል፤ ለብቸኛ ሰው ጎረቤት ትልቅ ነገር ነው። አባትየው ማር ገንዘብ እንደሚያመጣ ባየ ጊዜ ቀፎ ያመጣል፤ እሷም የምታውቀውን ሳትሰስት ታስተምረዋለች። ቀጥሎ ነጋዴ ይመጣል። ነጋዴው የሚፈልገው ብዙ ማር ነው፤ የሚፈልገውም ቶሎ ነው። አባትየው የሚቀልባቸው ሰባት ልጆች አሉበት። በመጨረሻ የሐቲጄን ሕግ ወደ ጎን ይተውና ማሩን ጠራርጎ ይቆርጣል። ስንቅ ያጡት የእሱ ንቦች የሐቲጄን ቀፎዎች ይወርራሉ፤ የእሷ ንቦች ያልቃሉ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2019 በሳንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ሦስት ሽልማቶችን ወሰደ። በ2020 ለኦስካር ሲቀርብ በዘጋቢ ፊልምም በዓለም አቀፍ ፊልምም ዘርፍ በአንድ ጊዜ ታጨ፤ ከዚያ በፊት በሁለቱም የታጨ ዘጋቢ ፊልም አልነበረም። በሁለቱም አላሸነፈም። በአንደኛው «አሜሪካን ፋክተሪ»፣ በሌላው የደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት» በልጠውት ወጡ። ከሳሾቹ ይህንንም ይጠቅሳሉ፤ «ኦስካር እንኳ ያላገኘ» ይላሉ። ፊልም በሐውልት ብዛት የሚመዘን ከሆነ ግን ሙግቱ ገና ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። እኛ ወደ ራሱ ወደ ፊልሙ እንመለስ።

ሕጉ እንዴት ሥጋ ለበሰ?

«መልእክት የለውም» ይሉናል። ለመሆኑ «ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእናንተ» ከሚለው የበለጠ የአካባቢ ጥበቃ መልእክት ከየት ሊመጣ ነው? ስንት ጉባኤ የተቀመጠበትና ስንት ሰነድ የተጻፈበት «ዘላቂ ልማት» የሚባለው ነገር በአራት ቃል ተቋጭቶ አያልቅምን? ልዩነቱ ፊልሙ ይህን ሕግ በተራኪ አፍ አለማስነገሩ ነው። መጀመሪያ ሲከበር ያሳየናል። ቀጥሎ ሲጣስ ያሳየናል። በመጨረሻ የጣሰውም ያልጣሰውም አብረው ሲከፍሉ ያሳየናል። ተመልካቹ ሕጉን የሚማረው ሐቲጄ ባዶ ቀፎ ከፍታ ስታይ በፊቷ ላይ ነው።

የነገሩንም አካሄድ ልብ ማለት ይገባል። ንብ ማር የምታከማቸው አበባ በማይኖርበት ወራት ልትመገበው ነው። ስንቋ ሲዘረፍ ትራባለች፤ የተራበች ንብ ደግሞ የጎረቤቷን ቀፎ ትዘርፋለች። እንግዲህ ጥድፊያው ከነጋዴው ወደ አባትየው፣ ከአባትየው ወደ ቀፎው፣ ከቀፎው ወደ ጎረቤት ቀፎ ይወርዳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ገበያ አለ፤ ድህነት አለ፤ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አንድ ሰሌዳ አልተሰቀለም፤ አንድ ቀስት አልተሣለም። እንዲህ ያለውን የምክንያትና የውጤት ትስስር በምስል ብቻ ማስረዳት ከባድ ሥራ ነው። የተሠራውም ለሦስት ዓመት ወደ መንደሩ በመመላለስ፣ ከአራት መቶ ሰዓት በላይ ፊልም በማንሣትና ያን ሁሉ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በመቀነስ ነው። ከአራት መቶ ሰዓት ውስጥ የትኛውን መጣል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ባለሙያ ነው፤ እኔ ሽልማት ይገባዋል የምለው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ፊልሙ ሐቲጄን የተፈጥሮ ቅድስት አድርጎ አልሣላትም። ፀጉሯን ታቀልማለች፤ መዋብ ትፈልጋለች። እናትና ልጅ ይጨቃጨቃሉ፤ ይሣሣቃሉ። ልጠይቃት የመጣ ወንድ ነበረ ወይ፣ ለምንስ አልተሰጠሁም ብላ እናቷን የምታናግርበት ቦታ አለ፤ የአገራችን ሰው ያን ሲያይ ስንት አክስቱን፣ ስንት የቤት ልጅ ሆና የቀረች ዘመዱን ያስታውሳል! ከጎረቤት ልጆች አንዱ ወደ እሷ ይቀርባል፤ ሥራውን ከአባቱ ይልቅ ከእሷ ይማራል፤ አባቱ ማሩን ጠርጎ መቁረጡ ልክ እንዳልሆነ የሚገባውም እሱ ነው። እሷም እንደ አንተ ያለ ልጅ ቢኖረኝ ኑሮዬ ሌላ ነበር ትለዋለች። ይህ ሁሉ «ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ካለ፣ አካባቢ ማለት ዛፍና አውሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ነው። ሐቲጄ ንቦቿ ሲሞቱ የምናዝነው ሐቲጄን ስላወቅናት ነው። ሳያውቁ ማዘን የለም።

የአል ጎር ማንሻ

ከሳሾቹ በምሳሌነት የሚያቀርቡት ሌላ ፊልም አለ፤ ዴቪስ ጉገንሃይም ዳይሬክት ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «አን ኢንኮንቪኒየንት ትሩዝ»፣ ማለትም «የማይመች እውነት» ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር በመድረክ ቆሞ ስለ ምድር ሙቀት መጨመር ንግግር ያደርጋል፤ ካሜራው ይከተለዋል። ፊልሙ በ2007 ምርጥ ዘጋቢ ፊልም ተብሎ ኦስካር አገኘ። በዓለም ዙሪያ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ጎርም በዚያው ዓመት ከተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ ጉባኤ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋራ። «ይኸውላችሁ! ቁጥር አለ፤ ተናጋሪ አለ፤ መልእክት አለ፤ ኦስካርም አለ» ይሉናል።

ጥቅሙን አልክድም። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሰምቶ የማያውቀውን ስንቱን ሰው ያነቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ጥሩ ንግግርና ጥሩ ፊልም አንድ አይደሉም። በእኔ አስተያየት የዚያን ዓመት ኦስካር የወሰደው ጉዳዩ እንጂ ፊልሙ አይደለም። ፊልሙን ካየ ከዓመታት በኋላ በአእምሮው የቀረውን ተመልካቹን ጠይቁት። ሁለት ነገር ይነግራችኋል። አንደኛው፣ በአየር ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚያሳየው መስመር ከሰሌዳው በላይ ሲወጣ፣ ጎር በማንሻ መሣሪያ ላይ ቆሞ መስመሩን ተከትሎ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ስለ ትምባሆ የሚናገርበት ነው። ቤተሰቡ በቴነሲ ትምባሆ ያመርት ነበር፤ ታላቅ እኅቱ ሲጋራ ታጨስ ነበር፤ በሳንባ ካንሰር ሞተች፤ ከዚያ በኋላ አባቱ ትምባሆ ማምረት አቆመ።

ታዲያ እነዚህ ሁለቱ ምንድን ናቸው? የመጀመሪያው ቁጥርን በሰው አካል ያሳየ ምስል ነው። ሁለተኛው ሰው የሚጠቅመውን መርዝ ለመተው ስንት መክፈል እንዳለበት የሚናገር የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። የቀረውን ሰሌዳ ሁሉ ተመልካቹ ረስቶታል። እንግዲህ ከሳሾቹ በምስክርነት የጠሩት ፊልም ራሱ ለእኔ መሰከረ ማለት ነው፤ ያ ፊልም የሚሠራው ስብከቱን አቁሞ ፊልም በሆነባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ስለ አኀዝም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2007 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊልሙ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ይታይ አይታይ የሚል ክርክር አይቶ ነበር። ዳኛው የፊልሙ ዋና ሐሳብ በሳይንስ የተደገፈ ነው ብለው፣ ዘጠኝ ቦታ ላይ ግን ሳይንቲስቶች በጊዜው ከተስማሙበት አልፎ ሄዷል አሉ፤ መምህራን ማብራሪያ እየሰጡ እንዲታይም ወሰኑ። ከዘጠኙ ሁለቱ የእኛው አህጉር ናቸው፦ የኪሊማንጃሮ በረዶና የቻድ ሐይቅ። ከእነዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን በችሎቱ አልተነሣም። በኪሊማንጃሮ ግርጌ የሚያርስ ሰው የለምን? በቻድ ሐይቅ ዳር መረቡን ሰብስቦ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ የለምን? በፊልሙ ውስጥ አፍሪካ ፎቶግራፍ ናት፤ የቀድሞውና የአሁኑ ጎን ለጎን የተለጠፈ ፎቶግራፍ። አንድ ጊዜ ሰው ከፊልሙ ሲወጣ የሚቀረው አኀዝ ነው፤ አኀዝ ደግሞ ነገ በሌላ አኀዝ ይታረማል። የሐቲጄን ባዶ ቀፎ የሚያርም ፍርድ ቤት ግን የለም።

ሁለቱ ከባድ ክሶች

እስካሁን የመለስኩት ቀላሉን ነው። ክብደት ያላቸው ሁለት ክሶች አሉ።

አንደኛው «ድህነትን አሳምሯል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ፊልሙ ያምራል። ካሜራ ያነሡት ሰዎች መብራት በሌለበት ቤት በመስኮት በሚገባው ፀሐይ፣ በእሳትና በፋኖስ ተጠቅመው አንሥተዋል። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ድኻ ሰው በሚያምር ብርሃን መታየት የለበትም ያለው ማን ነው? የነገሥታቱ ፊት በወርቅ ቀለም ሲሣል «አሳመራችሁት» ያለ አልሰማሁም። ደግሞስ ፊልሙ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ ነው እንዴ ያሳየን? ሕፃናቱ በንብ ሲነደፉ፣ ጥጆች ሲሞቱ፣ ባልና ሚስት ሲሰዳደቡ፣ አሮጊቷ እናት በጨለማ ሲያቃስቱ እናያለን። ሕይወት አሳዛኝም ውብም ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን ቆርጦ መጣል ነው ውሸቱ። በተጨማሪ ፊልም ሠሪዎቹ አንሥተው አልጠፉም፤ ፊልሙ ካስገኘው የሽልማት ገንዘብ በአቅራቢያው ባለ መንደር ለሐቲጄ ቤት ተገዝቶላታል። ይህ የፊልሙን ጥራት አያረጋግጥም፤ የሰዎቹን ሥነ ምግባር ግን ይናገራል።

ሁለተኛው ክስ ይበልጥ ይከብዳል። «ዓለምን ያቆሸሹት ትልልቅ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ፊልሙ ግን ጥፋቱን በአንድ ድኻ የልጆች አባት ላይ አሳበበ» ይላል። ይህን ያሉ ሰዎች ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያዩት አይመስለኝም። አባትየው በፊልሙ ውስጥ ክፉ ሰው አይደለም። ማሩን ቶሎ አትቁረጥ ሲባል ገብቶታል፤ መጀመሪያ ለነጋዴው እምቢ ይላል። ነጋዴው መልሶ ሲመጣ፣ ዕዳና የልጆች ፍላጎት ሲገፋው ይሰበራል። ማንም ሰው በዚያ ቦታ ቆሞ ራሱን ሳይጠይቅ አይቀርም። ፊልሙ ነጋዴውን ተከትሎ ወደ ከተማ አለመሄዱ፣ ማሩ የት እንደሚደርስና ማን እንደሚከብርበት አለማሳየቱ ግን ጉድለት ነው፤ እኔም ጉድለቱን አልሸፍንም። ቢሆንም የገበያው ግፊት እዚያች የድንጋይ ቤት ደጃፍ ድረስ መጥቶ ሲያንኳኳ አይተናል። ማር ሲበዛ ይመራል የሚለውን ተረታችንን ያ ነጋዴ አያውቀውም፤ እኛ ግን ስናውቀው ኖረን እናውቀዋለን ማለት ብቻ ሆኖ ቀርቶብናል።

ወደ ቤታችን

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ሙግቱን ያነሣሁትም ለዚሁ ነው።

የእኛን የአካባቢ ጥበቃ ዘጋቢ ፊልም እስቲ እናስታውሰው። ከአየር ላይ የተነሣ ተራራ ይታያል፤ ዋሽንት ይነፋል። ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ «አገራችን ኢትዮጵያ በተፈጥሮ ሀብት የታደለች…» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ባንዲራ ያቆመ ኃላፊ ይቀርብና ስለ ተከናወኑ ተግባራት ያብራራል። ከእሱ በኋላ ገበሬው ይመጣል። ለገበሬው ሃያ ሰከንድ ተሰጥቶታል፤ በሃያ ሰከንዱም «ድጋፍ ተደርጎልናል፣ እናመሰግናለን» ይላል። በመጨረሻ ተራኪው ተመልሶ «ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው ሊሠሩ ይገባል» ብሎ ይዘጋል። አንባቢዬ፣ ይህን ፊልም አላየሁም የምትል ከሆነ ቴሌቪዥን የለህም ማለት ነው!

ይህ በምስል የታጀበ ሪፖርት ነው። ተራኪው አይተን እንድንፈርድ አያምነንም፤ የምናየውን ሁሉ ደግሞ ይነግረናል። የደረቀ ወንዝ እያሳየ «ወንዙ ደርቋል» ይለናል። ገበሬውንም አያምነውም፤ ገበሬው የሚያውቀው ነገር እንዳለ አያስብም። ተመልካቹ ጣቢያ የሚቀይረው ስለ አካባቢው ግድ ስለሌለው አይደለም። ስለተናቀ ነው።

የምስል ኃይል ለእኛ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ባላዘንኩ። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም በዚህ አገር ምን እንዳደረገ የማያውቅ የለም። ደርግ ያንኑ ፊልም ወሰደና ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት ምስሎች ጋር እያፈራረቀ ቀጣጥሎ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ሌሊት በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያን ሌሊት ተመልካቹን ያንቀጠቀጠው የማንም ማብራሪያ አልነበረም። የሞላ ማዕድ ታየ፤ ቀጥሎ አጥንቱ የወጣ ሕፃን ታየ። ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ሕዝቡ የቀረውን ራሱ ጨረሰው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ ምስልን ከምስል አጠገብ የማስቀመጥ ጥበብ ከማንኛውም ተራኪ ይበልጣል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይኸው ጥበብ ለሥልጣን ሽሚያም ያገለግላል። ቀጣጣዩ የፈለገውን ሊያስብለን ይችላል። ለዚህ ነው በአንድ ሰው ደጃፍ ሦስት ዓመት መመላለስን ትልቅ ነገር አድርጌ የማየው። ቸኩሎ የሄደ ፊልም ሠሪ አስቀድሞ ያሰበውን ይዞ ይመለሳል። የቆየ ግን ያላሰበው ነገር ያገኘዋል። ከሐቲጄ አጠገብ ያ ቤተሰብ እንደሚሰፍር ፊልም ሠሪዎቹ አላወቁም ነበር፤ ስለቆዩ አገኙት።

ጉዳይ አጥተን ነው እንዳይባል ጉዳዩ ሞልቶናል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚዋ ናት። በከፋ፣ በሸካና በኢሉባቦር ደኖች ሰው ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ይሰቅላል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ቀፎውም አብሮ ይወድቃል። በደጋው አገር ንቡ አደይ አበባ ቀስሞ በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቆረጣል፤ ከጎኑ ባለው ማሳ ላይ ደግሞ የአረም መድኃኒት ይረጫል፤ ንብ አናቢው ንቦቼ አለቁ እያለ ያማርራል። መድኃኒቱን የሚረጨው ሰው ጠላቱ አይደለም፤ ጎረቤቱ ነው፤ ምናልባትም ዕድርተኛው ነው። እንግዲህ ሐቲጄና ጎረቤቷ እዚሁ አሉ ማለት አይደለምን?

የሐሮማያ ሐይቅስ? በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ለከተሞች የመጠጥ ውሃ ተሳበበት፤ ለጫትና ለአትክልት ማሳ በሞተር ተቀዳበት፤ ከተራቆተው ኮረብታ ደለል ገባበት። ዓሣ ይጠመድበት የነበረው መሬት ከብት መሰማሪያ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመለሰበት። የመድረቁም የመመለሱም ታሪክ በጥናትና በዜና ተነግሯል። ሞተሩን ያስነሣው ሰው ግን ማን ነበር? ስንት ልጆች ነበሩት? ውሃው እያነሰ ሲሄድ ቱቦውን በየዓመቱ ስንት እርምጃ አስረዘመ? የመጨረሻውን ውሃ የቀዳ ለት ማታ ከሚስቱ ጋር ምን ተነጋገረ? ይህን የሚነግረን ፊልም ነው፤ ያ ፊልም ደግሞ «ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእናንተ» የሚለውን ሕግ በኦሮሚኛና በሐረር ፀሐይ ሊነግረን ይችል ነበር።

«ገንዘብ የሚሰጠን ድርጅት የሚፈልገው ሪፖርት ነው፤ የምንሠራው በትእዛዝ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለዚህ ያለኝ መልስ የ«ሃኒላንድ» አወላለድ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ወደዚያ አካባቢ የሄዱት የብሬጋልኒትሳን ወንዝ አካባቢ ለሚንከባከብ የተፈጥሮ ጥበቃ ፕሮጀክት አጭር ፊልም ለመሥራት ነበር። የእኛ ሰዎች በየወሩ እንደሚቀበሉት ያለ ትእዛዝ ነው! በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ ነው ሐቲጄን ያገኟት። አንድ ቀን አናግረዋት፣ «እናመሰግናለን» አስብለዋት፣ ድምፅ ጨምረውበት ሊያስረክቡ ይችሉ ነበር። የእኛ ሰው ቢሆን ያን ያደርግ ነበር። እነሱ ግን ፊት ለፊታቸው የቆመችው ሴት ከፕሮጀክቱ እንደምትበልጥ ገባቸው። ቋንቋዋን ሳያውቁ እንኳ ተቀመጡ። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ የገንዘብ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ የዓይን ልዩነት ነው።

ስለዚህ ለከሳሾቹ የምለው ይህ ነው። ፊልም ለሚያሠሩት፦ ከሃያ አጫጭር ሪፖርቶች የአንዱን ዓመት ገንዘብ ለአንድ ፊልም ስጡ፤ ጊዜም ስጡበት። ኃላፊያችሁ በፊልሙ ውስጥ ካልታየ ፊልሙ የእናንተ አልሆነም ብላችሁ አትፍሩ። ፊልም ለሚሠሩት፦ አንድ ማር ቆራጭ፣ አንዲት ውሃ ቀጂ፣ አንድ ከሰል አክሳይ ምረጡና አንድ ዓመት ከርሙ። አበባውም ድርቁም ሲመጣ እዚያው ሁኑ። ከሰል የሚያከስለውን ሰው ዛፍ ቆራጭ ብላችሁ ከመስደባችሁ በፊት ምድጃውንና የልጆቹን ራት አሳዩን፤ ፍርዱን ለእኛ ተዉት።

ቀርጻችሁ ስትጨርሱ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ወዳጃችን ወረቀቱን ይዞ ወደ ማይክሮፎኑ ሲጠጋ፣ ሒሳቡን ክፈሉትና በክብር ወደ ቤቱ ሸኙት።